ሰባት ቀለም የለበሰው ክሪክ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አቤል የሚባል ጎረቤቴ ከብሎካችን ፊት ለፊት ተንበርክኮ የመኪናውን ጎማ ሊቀይር ይታገል ነበር። መኪናዋን ከመሬት የሚያነሳበት ክሪክ ዝጎ እምቢ ብሎታል። ገላን ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት የሚኖር ሰው የጎረቤቱን ሥራ ሁሉ በመስኮቱ ያያል። እኔም መጽሐፌን ዘርግቼ ሳለሁ ድንጋይ ከብረት ጋር ሲጋጭ ሰማሁና ቀና አልኩ።

«አትምታው አቤል» አልኩት።

«እማማ ዘይነብ፣ ካልመቱት እኮ አይሰማም!»

«ዘይት ጠብ አድርግበትና ሻይህን ጠጥተህ ተመለስ።»

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መሥራቴን ያውቃል። ድንጋዩን እንደያዘ ሳቀ። «ይሄ ደግሞ የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው ያለው?»

የትኛውም ላይ የለም። እሱ ዘይት ፍለጋ ሲሄድ እኔ የያዝኩትን ገጽ ሁለት ሦስት ጊዜ አንብቤ ምንም እንዳልገባኝ ሲታወቀኝ መጽሐፉን ከደንኩት። በሐሳቤ ቃሊቲ ነበርኩ፤ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ነሐሴ ነው፣ እጄም ላምባ ላምባ ይሸታል።

አባቴ ሲሞት አራተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። ወሎ፣ እናቴ ዘንድ ጥቂት ዓመት ቆይቼ ወደ አጎቴ ወደ ሰይድ መጣሁ። ጋሼ ነበር የምለው። ጋሼ ከአባቴ ጋር ሆኖ ያቆመው ጋራዥ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር፤ ሦስት ጎኑ ቆርቆሮ፣ አንዱ ጎኑ ክፍት፣ ወለሉ አሮጌ ዘይት ጠጥቶ እንደ ጥቁር ቆዳ የጠነከረ አፈር ነው። የጭነት መኪና ነበር የምንጠግነው። እኔ የምሠራው የተፈታ ዕቃ በላምባ ማጠብ፣ ብሎኑን ከየዳዶው ጋር ማገናኘት፣ ሁሉንም በየቆርቆሮ ጣሳው መደርደር ነበር። ሥራውን አልጠላሁትም። ነገር በየቦታው ሲቀመጥ ደስ ይለኛል፤ ኋላም እንጀራዬ የሆነው ይኸው ጠባይ ነው።

የምጠላው አንድ ነገር ነበር፤ የጋሽ ብርሃኑን ክሪክ መመለስ።

የራሳችን ክሪክ ከሁለት ዓመት በፊት ደርቆ ቀርቷል። ትልቅ ነው፤ ዝቅ ብሎ እንደ አዞ የተጋደመ፣ አራት የብረት ጎማ ያለው፣ ረጅም እጀታውን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ክንዱ እየተነሳ የጭነት መኪና የሚያነሳ። ክንዱ የሚዞርበት ወፍራም ብረት፣ መካኒኮቹ ፔርኖ የሚሉት፣ በዝገት ተይዞ አልንቀሳቀስ ብሏል። ስለዚህ በየቀኑ ጠዋት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ርቆ ከሚገኘው ከጋሽ ብርሃኑ ጋራዥ ክሪክ እንዋሳለን። ጋሽ ብርሃኑ ደግሞ አንድ ደንብ ነበራቸው።

«የኔ ክሪክ እንደ ጨዋ ልጅ ነው» ይሉኝ ነበር። «ውጭ አያድርም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤቱ ይግባ።»

ባይገባስ? በማግስቱ አይሰጡም። አንድ ቀን ዝናብ ይዞኝ አርፍጄ ነበርና በማግስቱ አንድ ሙሉ ቀን ሥራ ፈትተን ውለናል። ጋሽ ብርሃኑና ጋሼ በአጥር ጉዳይ ተኳርፈው ከተነጋገሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ክሪክ ይዋዋሳሉ፣ ሰላምታ አይለዋወጡም። ጋሼ የዚያን ሰው ደጃፍ ከሚረግጥ ጋራዡን ቢዘጋ ይሻለዋል። ከድር፣ የስልጤው መካኒካችን፣ ያን ሰዓት ሁልጊዜ ከመኪና ሥር ነው። ስለዚህ ወሳጅም መላሽም እኔ ነበርኩ።

የብረት ጎማ በአስፋልት ዳር ሲገፋ የሚያወጣው ድምፅ አገር ይሰማል። በክረምት ደግሞ ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ከእግር እስከ ራስ ይረጫል። በቆሎ የሚጠብሱት ሴቶች ከጥላቸው ሥር ሆነው «ደግሞ ክሪኳ መጣች!» ይላሉ፤ እኔን ይበሉ ብረቱን አይታወቅም። አንዷ አንዳንዴ ያረረ ጫፉን ሰብራ ግማሽ በቆሎ ትሰጠኝ ነበር። ጋሽ ብርሃኑ ደጃፋቸው ላይ ሰዓታቸውን እያዩ ይጠብቁኛል። «ክሪክ የሌለው ጋራዥ፣ ምላስ የሌለው ደላላ!» ይላሉ፤ እኔን ሳይሆን በኔ በኩል ጋሼን መሆኑ ነው። መልእክቱን አድርሼ አላውቅም።

ይህ ሁሉ አይከፋም ነበር፤ ነገር ግን የማታ ትምህርት የሚጀምረው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

በሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት ለማታ ተማሪ ምዝገባ የከፈተው በነሐሴ መጨረሻ ነበር፤ ጷጉሜ ሲያልቅ ይዘጋል። የአራተኛ ክፍል ካርዴን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ፍራሽ ሥር አስቀምጬው ነበር። ያለፉትን ሁለት ክረምቶችም በልቤ ተመዝግቤ በአፌ ሳልናገር አሳልፌአቸዋለሁ። በሦስተኛው፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ጋሼ እጁን በሳሙናና በአሸዋ እያሸ ሳለ ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ ማታ ልማር ብዬ ነበር።»

«ተማሪ። ማን ከለከለሽ?»

«የሚጀምረው አሥራ አንድ ሰዓት ነው።»

እጁን ማሸት አቆመ። «የዚያን ሰውዬ ክሪክ ታዲያ ማን ይመልሳል? እኔ?»

ወደ ከድር ተመለከትኩ።

«ከድር ይመልሳል?»

«ኧረ እኔን ተዉኝ ጋሼ» አለ ከድር ከመኪናው ሥር፤ ከእግሩ በቀር ምኑም አይታይም። «እኔ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው የተገላገልኩት፤ የትምህርት ነገር ላይ አታስገቡኝ።»

«የኛ ክሪክ ቢሠራስ?» አልኩ።

ጋሼ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ሳቅ ነበር። «የኛ የሠራ ቀንማ እንኳን አምስተኛ ክፍል፣ ከፈለግሽ ዶክተር ሁኚ።»

የተናገረው ለቀልድ ነው፤ እኔ ግን ቃል አድርጌ ያዝኩት። ጸጥተኛ ሰው የሚሰማውን ነገር በጣም ቃል በቃል ነው የሚይዘው።

ስለዚያ ክሪክ መናገር የሚገባኝ አንድ ነገር አለ። የገዛው አባቴ ነው። ቁራሌው በበሩ ባለፈ ቁጥር ያየዋል፤ ጋሼም «ይሄ የወንድሜ ነው» ብሎ ይሸኘዋል። ለክብሩም በዓመት አንድ ጊዜ ይቀባው ነበር። ጷጉሜ ላይ ጋሼ ከየመኪናው የተረፈውን ቀለም ሁሉ ይሰበስብና ያገኘውን ይቀባል፤ በሩን፣ የሥራ ጠረጴዛውን፣ የውሃ በርሜሉን፣ የመስተዋቱን ጠርዝ ሳይቀር። አዲስ ዓመት ዝገት ላይ መግባት የለበትም ባይ ነው። «ቀለም የብረት ልብስ ነው» ይል ነበር። መጀመሪያ የሚቀባው ግን ሁልጊዜ ክሪኩን ነው፤ በእጁ፣ በወፍራም ብሩሽ፣ ቅባት ቢኖረው ባይኖረው ሳይጠርግ።

በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ። ሥራ ልበለው እንጂ ያደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ላምባና የተቃጠለ ዘይት ቀላቅዬ ፔርኖው ከሰውነቱ ጋር በሚገናኝበት ላይ ጠብ ማድረግ። ከድር እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ፤ ዝገት ጠጥቶ ሲጠግብ ይለቃል ይላል። ሦስት ቀን አጠጣሁት። በሦስተኛው ቀን ጎንበስ ብዬ ጠብታውን ተከተልኩት። ጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ውሃ ተንከባሎ በጎኑ ወረደና መሬት ላይ ወደቀ። ምንም አልገባም። ሦስት ቀን ሙሉ አፈሩን ነበር ያጠጣሁት።

ጣቴን በመገናኛው ላይ ሳዞር ስንጥቅ የሚባል የለም፤ ለስላሳ ነው። ቀለሙ ሁለቱን ብረት እንደ አንድ አልብሷቸዋል።

የተሰበረ የመጋዝ ምላጭ አንሥቼ መፋቅ ጀመርኩ። ላይኛው የባለፈው ዓመት አረንጓዴ ነው፣ የአንድ ሲኖትራክ። ከሥሩ የታክሲ ሰማያዊ። ከዚያ ግራጫ፣ ከዚያ ነጭ፣ እንደገና ሰማያዊ። በጥፍር ልክ ነበር የምፍቀው፤ ብረቱን ላለመቧጨር፣ ደግሞም እውነት ለመናገር፣ ተራውን ላለማበላሸት። ሰባት ቆጠርኩ። አባቴ ከሞተ ሰባት ጷጉሜ አልፏል። ከሰባቱ በታች የፋብሪካው ቀይ ነበር፤ አባቴ በሕይወቱ ክሪኩን አንዴም አልቀባውም ማለት ነው።

ምላጩ የተሰናከለው እዚያ ላይ ነው። ከፔርኖው ጫፍ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፣ ለስላሳ ይመስለኝ የነበረው ቦታ ላይ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ክብ ነገር ነበረች። ዙሪያዋን ፋቅሁ። ወስፌ ፈልጌ መሐሏን ወጋሁት፤ ደረቅ ቀለም ተቆርሶ ወጣ፣ ካቻቢቴ የሚገባበት ስንጥቅ ታየ። ትንሽ ብሎን ናት። ፔርኖው እንዳይወጣ ከጎን ነክሳ የምትይዝ።

የዚህን ጊዜ ነው ጋሼ ከዙሁር ሶላት የተመለሰው።

መጀመሪያ ያየው ብሎኗን አይደለም፤ ጭኔ ላይ የተከመረውን የቀለም ስብርባሪ ነው። በሩ ላይ ቆመ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ላምባው አልገባ ብሎ…»

«የወንድሜን ክሪክ ላጨሽው!» ድምፁ የመንገዱን መኪና በለጠው። «ሰባት ዓመት ሙሉ እንዳይዝግ የጠበቅሁትን! ያ ቀለም ባይኖር ይሄኔ አፈር ሆኗል፤ ታውቂያለሽ? አፈር!»

ከድር ከመኪናው ሥር ተንፏቆ ወጣና ቁጭ አለ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ሰው ሲቆጣኝ ምላሴ ይታሰራል። ግን ምዝገባው ሊዘጋ አራት ቀን ቀርቶታል። ወስፌውን ብሎኗ ላይ አስደግፌ ያዝኩት እንጂ አልተነሣሁም።

«ጋሼ፣ የያዘው ዝገቱ ብቻ አይደለም። ይቺን ይመልከቱ።»

አልመጣም። ከድር መጣ። በአራት እግሩ ሆኖ አየ፣ አፉን በእጁ ያዘ።

«ያ ረቢ! ጋሼ፣ ይሄ ክሪክ ስንት ካፖርት ደራርቦ ኖሯል! ብሎን አለው እኮ፣ ማሰሪያ ብሎን!»

ያኔ መጣ። ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ መነጽሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ አደረገ። ብሎኗን አየ፣ ከዚያ የፔርኖውን ጫፍ አየ። የፔርኖው ጫፍ እንደ እንጉዳይ ተደፍጥጦ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሥራ በቀዘቀዘ ቁጥር፣ በትልቁ መዶሻ የደበደበው ራሱ ጋሼ ነው፤ ብሎኗ እንደታሰረች። ለካ ቢወጣ ኖሮ ነበር ተአምሩ።

የተደፈጠጠውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ለእኔም ለከድርም ባልሆነ ድምፅ «ወንድሜ አይቀባውም ነበር» አለ። «ግሪስ ነበር የሚያበላው።»

መነጽሩን አወለቀ። «ካቻቢቴ አምጣ፣ ከድር።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ቀን የሥራ ወሬ ነው፤ ለእኔ ደስ ቢለኝም አንባቢን ላለማሰልቸት አሳጥረዋለሁ። ብሎኗ በመጀመሪያው ቀን አልወጣችም። ጋሼ አስገድዶ ሊያዞራት ነበር፤ ከድር እጁን ያዘው። «አንገቷ ከተቀነጠሰ አለቀልን፤ ልጅቷ ታጠጣት።» አጠጣኋት፤ አሁን ላምባው እያየሁት ገባ። በማግስቱ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ፤ ዝገቱ ቡናማ ዱቄት እየሆነ ወጣ፣ እሷም ወጣች። የፔርኖውን የተደፈጠጠ ጫፍ ጋሼ ራሱ በሞረድ ሞረደው፤ ግማሽ ቀን ፈጀበት፣ ማንንም አላስነካም። ከዚያ ዙሪያውን በእሳት አሙቀው፣ ከወዲያ በኩል እንጨት ደግፈው፣ በትንሿ መዶሻ መቱት። በትልቁ መዶሻ ሁለት ዓመት ያልሰማ ብረት በትንሿ በስድስተኛው ምት «ጢቅ» አለና ተንሸራተተ። በብርጭቆ ወረቀት የወለወልኩት እኔ ነኝ። መልኬ እስኪታየኝ አልተውኩትም፤ ከድር «በቃ፣ ልትድሪው ነው እንዴ?» እስኪለኝ ድረስ።

ሁሉም በግሪስ ተለውሶ ተመልሶ የገባው በጷጉሜ መጨረሻ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የትምህርት ቤቱ መዝገብ የሚዘጋውም ያን ቀን አሥራ አንድ ሰዓት። ዘይት ሞላንበት። ግቢው ውስጥ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ነበር፤ የኋላ እግሩን ያነሳው የጋሽ ብርሃኑ ክሪክ ነው። ከድር እሱን አወረደና የኛን ገፍቶ አስገባ። ጋሼ እጀታውን ያዘ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ አደረገው። ምንም። በአራተኛው ክንዱ ተንቀጠቀጠ፣ ነካ፣ የመኪናው ስፕሪንግ ሲጢጥ አለ፣ ጎማው ከመሬት ለቀቀ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ከድር።

ጋሼ አወረደው፣ እንደገና አነሳው፣ እንደገና አወረደው። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። ስለ እኔ የሚለው ነገር የለም። ሥራውን አይቶ እንደሚያመሰግነኝ አልጠበቅሁም፤ የፈራሁት እንዳይለቀኝ ነበር። ብሎን የምታገኝ ልጅ ለጋራዥ ታስፈልጋለች። ያን ያህልማ አውቃለሁ።

አሥር ሰዓት ከሩብ ሆነ።

«ጋሼ፣ ልሂድ?»

«የት?»

«ትምህርት ቤት። ዛሬ ይዘጋል።»

ወደ ጋሽ ብርሃኑ ክሪክ በአገጩ አመለከተ። «የሰው ዕቃ መጀመሪያ ይመለስ።»

ልክ ነበር። የተዋስነው ጠዋት ነው፤ መመለስ አለበት። ትምህርት ቤቱ ግን በሌላኛው አቅጣጫ ነው። ሂሳቡን ሳልወድ በልቤ ሠራሁ፤ ክሪክ እየገፋሁ ቢያንስ ሃያ አምስት ደቂቃ፣ ባዶ እጄን እየሮጥኩ መመለስ፣ ልብስ መቀየር፣ እስከ ትምህርት ቤቱ ግማሽ ሰዓት በጭቃ። አይደርስም። የክሪኩን እጀታ ያዝኩና መግፋት ጀመርኩ። በሩ ላይ ስደርስ አንድ እጅ ከእጄ በላይ ያዘው።

«ተይው» አለ ጋሼ።

«ጋሼ፣ ጋሽ ብርሃኑ ከረፈደ…»

«ተይው አልኩሽ። እጅሽን ታጠቢ፣ ላምባ ትሸቺያለሽ።»

እጄን ሳልታጠብ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ኮፍያውን አስተካክሎ፣ ያን የብረት ጎማ እያንጓጓ በአስፋልቱ ዳር ገፋው። ሁሉም ባለ ሱቅ ያውቀዋል፤ ክሪኩንም፣ ኩርፊያውንም። አንዱ «ጋሽ ሰይድ፣ ዛሬ በራስዎ?» ሲለው ሰማሁ። ጋሼ አልመለሰለትም፣ አንገቱንም አልደፋም። ጋሽ ብርሃኑ ደጃፍ ላይ ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ምናልባትም አልተባባሉ ይሆናል።

መዝጋቢው ካርዴን ከፕላስቲኩ አውጥቶ በሁለት ጣቱ ያዘ፤ ጠርዙ ላይ የጣቴ ጥቁር አርፎበታል። «ዕድሜ?» አለ። «አሥራ ስምንት።» «አምስተኛ ክፍል?» «አምስተኛ ክፍል።» ቀና ሳይል ጻፈ። ስሜ የገጹ መጨረሻ መስመር ላይ ነበር።

ጋራዡን ከዚያ በኋላም አልተውኩትም፤ ቀን ቀን እስከ አሥር ሰዓት ተኩል እሠራ ነበር፣ ስምንት ዓመት ያህል። ጋሼ ምን እንደምማር አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። በቀጣዩ ጷጉሜ ግን ብሩሹን ከማንሳቱ በፊት ግሪስ በጣቱ ዝቆ ያቺን ትንሽ ብሎን ሲሸፍናት አየሁት። ከዚያ እንደ ልማዱ ቀባው። ስለዚህም ጉዳይ አልተነጋገርንም።

አሁን ቤተሰብ ሲሰበሰብ ወጣቶቹ ስለ እኔ የሚያወሩት የታወቀ ወሬ አላቸው። በችግር ታግላ፣ ጨለማን ድል ነሥታ፣ ምናምን። አላርማቸውም፤ ደግ ወሬ ነው። ብቻ እውነቱ ከዚያ ያነሰ ነው፣ ለእኔም የሚመቸኝ ያነሰው ነው። የከለከለኝ ክፉ ሰው አልነበረም። የጎደለኝም ብርታት አልነበረም፣ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ። ስንት ሰው በዚህች ከተማ እንደዚያች ያለች አንዲት ሰዓት አጥቶ እንዳልተማረ አስባለሁ። ስንፍና ይባላል፣ ዕድል ይባላል፣ ሴት ስለሆነች ነው ይባላል። አንዳንዴ ግን ከአሥር እስከ አሥራ አንድ የሰው ዕቃ የሚመልስ ሌላ ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው። ለእኔ ግን አንድ ቀን ያ ሰው ነበረልኝ።